የወንድ ቡችላ ጉርምስናና የባለቤቱ ኀላፊነት



እንግዳ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ፣ ቤት ይጠብቅልኛል ብላችሁ የምታሳድጉት ወንድ ቡችላ መጥቶ የእንግዳውን እግር ዐቅፎ ቢወዛወዝ ምን ታደርጋላችሁ? ባለቤቱ ያፍራል፤ ልጆች ይሥቃሉ፤ ዱላ ይነሣል። ነገሩ የተደጋገመ እንደ ሆነ «ይህ ውሻ ባለጌ ወጣ» ተብሎ ከግቢ ይባረራል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ጉዳዩ የሚያሳፍር ቢመስልም የሚፈልገው ዕውቀትን እንጂ ኀፍረትን አይደለም።

ቡችላ ሲወለድ ዐይኑ የተከደነ ነው፤ የሚገለጠውም ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። የዘር ፍሬዎቹም ከሆዱ ወደ ከረጢታቸው የሚወርዱት ከተወለደ በኋላ ነው። ሁለት ወር ሲሞላው ሁለቱም በእጅ ሲዳሰሱ መገኘት ይገባቸዋል። 6 ወር ደርሶ አንዱ እንኳ ያልወረደ እንደ ሆነ ግን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ሆድ ውስጥ የቀረ ፍሬ ውሻው በዕድሜ ሲገፋ ነቀርሳ ሊያመጣበት ይችላልና። ጉድለቱም በዘር ስለሚተላለፍ እንዲህ ያለው ውሻ ለርቢ አይመረጥም።

ሁለት ወር ያልሞላቸው ቡችሎች በጨዋታ መካከል አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣሉ። ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴቶቹም ያደርጉታል፤ ስለዚህ ጨዋታ እንጂ ብልግና አይደለም። ቡችላው ደስታ ሲበዛበት ብልቱ ከሥሩ አብጦ ይታይ ይሆናል፤ ብዙ ሰውም በሽታ ይመስለዋል። ነገር ግን የተፈጥሮ ሥራ ነውና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይመለስ አንድ ሰዓት ያህል የቆየ እንደ ሆነ ግን በቶሎ ለሐኪም ይታይ።

ጉርምስናው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ትናንሾቹ ዝርያዎች ይቀድማሉ፤ ትላልቆቹ ይዘገያሉ። ያን ጊዜ እግሩን አንሥቶ ይሸናል፤ አጥሩን እየዞረ ምልክት ያደርጋል፤ የሴት ውሻ ሽታ ተከትሎም ከቤት ይጠፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መምታት ፍርሃትንና ቁጣን ከማስተማር በቀር አይጠቅምም። ልጆች እንዳይሥቁበት ምከሩ፤ ሣቅ ያበረታታዋልና። በስሙ ጠርታችሁ፣ አጥንት ወይም ኳስ ሰጥታችሁ ሐሳቡን ወደ ሌላ መልሱት፤ በየቀኑም በገመድ ይዛችሁ አንሸራሽሩት። ለርቢ የማይፈለግ ከሆነ ማኮላሸት ይቻላል፤ የሚገባውን ዕድሜ ግን ሐኪሙ ይወስን።

ከሁሉ የሚከፋው ማባረሩ ነው። የተባረረ ጎረምሳ ውሻ በየመንገዱ ከሌሎች ጋር ሲጣላ ይነከሳል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በዚህ መንገድ ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ የሚድን የለም ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ክትባቱንም በጊዜው አሳድሱ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። በበላበት ቤት እንዲጮኽ ግን ጉርምስናው እስኪያልፍ የሚታገሠው ጌታ ያስፈልገዋል።