ከመስጊዱ በፊት የየቲሙ ሐቅ

(በአብነት ሰፈር ለየቲም ቤተሰቦችና ለደጋፊዎቻቸው የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

የማኅበሩ ወንድሞች ስለ ታላቁ አንዋር መስጊድ ታሪክ እንድናገር ጋብዘውኛል። መስጊዱ ለእኛ ለአብነት ሰዎች ጎረቤት ነው፤ ብዙዎቻችን ጁሙዓን የምንሰግደው እዚያ ነው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ግን ወደ ሁሉም መስጊዶች አርአያ፣ ወደ መዲናው መስጊድ ልመልሳችሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ተሰደው መዲና በገቡ ጊዜ ግመላቸው የተንበረከከችው ቴምር በሚደርቅበት ቦታ ላይ ነበር። የቦታው ባለቤቶች ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ ሁለት የቲሞች ነበሩ። ነቢዩ ቦታውን ለመስጊድ ፈለጉትና ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹ ያለ ዋጋ ለመስጠት ፈቀዱ። እርሳቸው ግን በስጦታ አልተቀበሉም፤ ዋጋውን ከፍለው ገዙት።

ይህን ነገር እናስተውለው። ቦታው ለአላህ ቤት የተፈለገ ነው። ሰጪዎቹ ፈቅደዋል። ተቀባዩ የአላህ መልእክተኛ ናቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ የየቲም ንብረት ያለ ዋጋ አልተወሰደም። በዚያ መስጊድ ሶላት ከመሰገዱ በፊት የየቲም ሐቅ ተከፍሏል።

አሁን ወደ አንዋር እንምጣ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ የነበረው አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት ዕቅድ አወጣ። የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። ታላቁ አንዋር መስጊድም የተሠራው በዚያው የወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ለሙስሊሙ መስጊድ መሥራቱና ማሠራቱ ከፍቅር የመነጨ አልነበረም፤ ሕዝቡን በሃይማኖት ከፋፍሎ ለመግዛት የታሰበ ነበር። ይህን መናገር መስጊዱን አያሳንሰውም። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ተባርሮ ሄደ፤ መስጊዱ ግን ሰጋጁ ጠብቆት ኖረ። ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋርም እስከ ዛሬ በጉርብትና ይኖራል። አንዋር ማለት ብርሃናት ማለት ነው፤ ብርሃኑን ያበሩት የሰገዱበት ሰዎች ናቸው።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? ከጉራጌና ከስልጤ አገር፣ ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከባሕር ማዶም ከየመን የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚያ ሥርዓት ሙስሊሙ ርስት ማግኘት የሚቸገር፣ ወደ መንግሥት ሥልጣን በር የሚጠብበት ነበር። ስሙ እንኳ «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ነበር እንጂ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» አይባልም ነበር። ስለዚህ ፊቱን ወደ ንግድ አዞረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የእኩልነት ጥያቄ ሲያሰማ፣ ክርስቲያን ወንድሞችም ከጎኑ ተሰልፈው ነበር። ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሃና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው የታወቁት ከዚያ ወዲህ በ1967 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ርስት የሌለው፣ ቤቱም የኪራይ የሆነ ነጋዴ ሲሞት ለልጆቹ ምን ይተዋል? ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ፣ በሰው እጅ ያለ ገንዘብና ቃል። መርካቶ ለዘመናት የሠራችው በቃል ነው። ዕቃው በዱቤ ይወሰዳል፤ ገንዘቡ ያለ ወረቀት ይሰጣል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ይህ መተማመን ጌጥ ነው። በሞተ ማግስት ግን የልጆቹ ሀብት በሌሎች ሰዎች ኅሊና ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይቀራል።

እኔ ራሴ የቲም ሆኜ ያደግሁ ነኝ። አባቴ በመርካቶ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። በ1970 ሲሞቱ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አንድ ቀን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የማናውቃቸው ሽማግሌ ደጃችን መጡ። «የማርሑም ገንዘብ እኔ ዘንድ አለ» ብለው በመሐረብ የቋጠሩትን ብር ፈትተው በምንጣፉ ላይ ቆጠሩ። ወረቀት አልነበረም፤ ምስክርም አልነበረም። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች፤ አባታችን በሰው ዘንድ እንደታመነ መሞቱን አየች። አባቴ አብዝተው አብረው ይሠሩ የነበሩት ሌላው ሰው ግን «ሒሳባችን ተዘግቷል» ብለው መለሱን። በዒድ ልብስ አመጡልን፤ ጎረቤቱም ሁሉ መረቃቸው። ያን ልብስ ለብሼዋለሁ። የእርሳቸው ሰደቃ ይሁን የእኛው ገንዘብ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥርጣሬ ለአንድ ልጅ ከባድ ሸክም ነው። የየቲምን ሐቅ ይዞ ለየቲም ሰደቃ መስጠት አይቻልም። ሱረቱ አን-ኒሳእ ገና ከመግቢያዋ የየቲሞች ገንዘብ እንዲመለስ ታዛለች፤ ያን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሰው ሆዱን በእሳት እንደሚሞላ ታስጠነቅቃለች። ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ ማስተዋሉ ሲታይም ንብረቱ በምስክር ፊት እንዲሰጠው ታስተምራለች። ሰደቃ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ አባቶች ሆይ፣ ያላችሁንና ያለባችሁን ጻፉ። በቁርኣን ውስጥ እጅግ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ለልጅ ማሰብ ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የቲም ሲመዘግብ «ምን ይጎድለዋል?» ከማለቱ አስቀድሞ «አባቱ ምን ትቶለታል? በማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በሽማግሌ የሚያልቀው በሽማግሌ ይለቅ። ካልሆነም፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በ1992 በወጣው አዋጅ የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስንና የሞግዚትነትን ጉዳይ ያያሉ። መበለቷን ይዞ እስከ ችሎት መሄድ አንድ ኩንታል ጤፍ ከመስጠት የማይተናነስ ኸይር ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ስጦታ ስንሰጥ ልጆቹን በሕዝብ ፊት አናሰልፍ። ያ ሽማግሌ ብሩን የቆጠሩት ቤታችን ገብተው ነበር። የዒዱ ልብስ የመጣው ግን ሰው ሁሉ እያየ ነው። ልጅ ሁለቱን ለይቶ ያስታውሳል።

የምንኖርበት ሰፈር ስሙ አብነት ነው፤ አብነት ማለትም ምሳሌ ማለት ነው። የአንዋር ታሪክ የሚቀጥለው በእኛ ነው። በሚመጣው ጁሙዓ ሰልፍ ገብተን ትከሻ ለትከሻ ስንቆም፣ እያንዳንዳችን «የየቲም ገንዘብ እኔ ዘንድ አለ ወይ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ካለ፣ ወደ ቤታችን ከመመለሳችን በፊት ወደ እነርሱ ቤት እንሂድ።

አላህ ሐቅን ከሚመልሱት ያድርገን። የቲሞቻችንን ያሳድግልን፤ ለሞቱት አባቶቻቸው ይዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።