ዕቅድን ከእንሰት ስለ መማር በሀቢቾ የተነገረ ቃል



ሰው ሁሉ ይመኛል፤ ምኞቱን በዓመትና በቀን ከፍሎ የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ይህን ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ የጓሮው እንሰት ያስተምረናልና። ገበሬው ያልጎለመሰውን እንሰት ቆርጦ፥ የመካከሉን ቡቃያ አውጥቶ፥ ሥሩን ከፍግ ጋር ይቀብረዋል፤ ከአንዱም ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል። ችግኙንም እያፈለሰና እያራራቀ ይተክለዋል። ለቆጮ እስኪደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ብልህ ቤተ ሰብም ሁሉን ባንድ ዓመት አይተክልም፤ በየዓመቱ አንድ ተራ ይተክላል፥ በኋላም በየዓመቱ አንድ ተራ ይደርስለታል። (ፍጉን ዕለት ዕለት የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች መሆናቸው አይዘንጋ።) ለጋውን የነቀለ ግን የከርሞውን ራት በላ።

ከትምህርት ቤት ልጁን አስወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪቃ መንገድ የሚሰድ አባትም፥ ችግሩ ቢገባኝም፥ ለጋውን መንቀሉ ነው። ከመስደዱ አስቀድሞ ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደ ቀረው መምህሩን ይጠይቅ።

ያልተማረ ጎልማሳም አይፍራ። ፊደላችን 33 ተራ፥ በየተራውም 7 ሆሄ፥ በጠቅላላው 231 ነው። ሁሉን ባንድ ጊዜ ያየ ይደነግጣል፤ በቀን አንድ ተራ የያዘ ግን ሰንበትን እያረፈ እንኳ በ40 ቀን ውስጥ ይፈጽመዋል። ከዚያም በስደት ላለ ልጁ ደብዳቤውን በገዛ እጁ ይጽፋል። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሰኞ ማታ የመጀመሪያውን ተራ ብቻ በሰሌዳ ጻፉላቸው፤ ሁለተኛው ለማክሰኞ ይቆይ።