ከጭድ ተራ እስከ እምድብር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟ እምድብር ይባላል። ብዙ ሰው አያውቃትም። ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ በስተግራው ትቷት ያልፋል። እኔ ግን ነገሬን የምጀምረው ከሩቅ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ነው። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

መርካቶ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ያገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ወጣ፤ ገበያውና ስሙ ግን እዚያው ቀሩ። በመርካቶ እያንዳንዱ ሰፈር ተራ ይባላል። በርበሬ ተራ አለ፣ ሸራ ተራ አለ፣ ዶሮ ተራ አለ። ጭድ ተራም ስሙን ያገኘው ከጭድ ነው። ጭድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም፤ እናንተው ታስተምሩኛላችሁ። ከተማውም ያለ ጭድ አልኖረም። ፈረሱና ላሙ ይበላዋል፣ የግድግዳው ጭቃ በእሱ ይቦካል፣ የድሃው ፍራሽ በእሱ ይሞላል። የከተማ ሰው ቤቴን ሠራሁ ሲል ግማሹን የሠራው የእናንተ አውድማ ነው።

ታዲያ ይህ ሲንጫጫ የሚውል ገበያ በዓመት አንድ ሰሞን ጭር ይላል። መቼ? በመስቀል። ብዙው ሱቅ ይዘጋል። ሸክም ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ ባለሱቁ፣ ሁሉም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አውቶቡስ ይሮጣል። ቦታ አይገኝም፤ የመኪናውም ዋጋ ይጨምራል። የሚሄዱት ጉራጌዎች ናቸው። ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሙስሊሙ በዐረፋ አገሩ ይገባል። ከተማ ውስጥ ሀብታም የሆነ ሰው እንኳ መስቀልን አዲስ አበባ ከዋለ እንደዋለ አይቆጥረውም።

እንግዲህ አብረን እንሂድ። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአለም ገና፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርገን ወልቂጤ እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ግራ ስንታጠፍ እምድብር፣ የቸሃ ወረዳ ከተማ ናት። ዱሮ ይህ መንገድ አልነበረም። ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። መንግሥትም ረዳቸው፤ መንገዱ ወጣ። መርካቶ ውስጥ በሸክም ከተገኘ ሳንቲም የተሠራ መንገድ አለበት ማለት ነው።

እምድብር ራሷ ትልቅ ሕንፃ አላት ብዬ አልዋሻችሁም። ውበቷ ዙሪያዋ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ስትሉ ጀፎረ ታያላችሁ። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና ነው። ግራና ቀኝ ትልልቅ ጎጆዎች ይቆማሉ፤ ከየጎጆው ጓሮ እንሰቱ ያረገርጋል። ከብት የሚግጠው፣ ልጅ የሚጫወተው፣ ሠርግና ለቅሶ የሚቆመው በጀፎረው ላይ ነው። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ማንም ገፍቶ አያርሰውም። ድንበር መግፋት ስንቱን ሰው እንዳጋደለ የምታውቁት እናንተ ናችሁና ይህ ነገር ትንሽ አይምሰላችሁ።

ስለ እንሰትም ልንገራችሁ። ጤፍና ስንዴ የምታርሱ ሰዎች ሙዝ መስሎ ይታያችኋል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ይፍቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ይብላላል፤ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ዝናብ በቀረ ጊዜ እንሰት ያለው ቤት ቶሎ አይራብም።

የመስቀል ዝግጅት የሚጀመረው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ሴቶች የቅቤ እቁብ አላቸው። እያንዳንዷ ከላሟ ትንሽ ትንሽ ታዋጣለች፤ ለመስቀል ቅቤው ሞልቶ ይገኛል። ወንዶች ደግሞ ለሰንጋ መግዣ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። እንጨት ተፈልጦ ይከመራል። ግድግዳ ይለቀለቃል። ከእርዱ በፊት ደንጌሳት የሚባል ቀን አለ፤ ያን ቀን የሚበላው የጎመን ክትፎ ነው። ከዚያ ሰንጋው ይወድቃል። ቀዩ ሥጋ እስኪልም ይከተከታል፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፣ በጣባ ይቀርባል፣ ከቆጮ ጋር በቀንድ ማንኪያ ይበላል። ግን ማንም ተጣልቶ አይቀርብም። ሽማግሌዎች አስቀድመው የተጣላውን ያስታርቃሉ። መራቂው ሲመርቅ ሁሉም አሜን ይላል።

ይህ በዓል ከመላው የኢትዮጵያ መስቀል ጋር በ2006 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቸሃ ቋንቋም መጽሐፍ ሆኗል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሚባሉ ደራሲ በዚሁ ቋንቋ የመንደር ታሪክ ጻፉ፤ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ አገር ታተመ። ዛሬ ፊደል የቆጠራችሁ ወገኖቼ፣ ማን ያውቃል፣ የእናንተንም መንደር አንድ ቀን እናነበው ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ክፉ ጎኑን ልደብቃችሁ አልችልም። ሰው ባዶ እጁን አገሩ መግባት ያፍራል። የዓመት ትርፉን በአንድ ሳምንት ጨርሶ የሚመለስ አለ። ተበድሮ የሚሄድም አለ፤ እኔ ይህን አልደግፍም። ከዚህ የሚብሰው ግን አፍሮ የሚቀረው ነው።

ጭድ ተራ አካባቢ ሸክም የሚሸከም አንድ ጎልማሳ አውቃለሁ። ሦስት መስቀል አገሩ ሳይገባ ቀረ። «ዘንድሮ አልሞላልኝም» ይላል። በዓሉ ሲደርስ በተዘጉት ሱቆች መካከል ብቻውን ይቀመጣል። እናቱ በየዓመቱ ድርሻውን ቅቤ ታስቀምጣለች። ልጁ ሳይመጣ በዓሉ ሲያልፍ ለጎረቤት ልጆች ታካፍለዋለች። በአራተኛው ዓመት ጓደኞቹ እጁን ጎትተው አሳፈሩት። ለእናቱ የያዘው አንድ ሻሽና አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ ነው። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም።

ደጃፍ ሲደርስ እናቱ ሳመችው፤ አለቀሰች። ሻሹን ገና አላየችውም። ወደ ጓሮ መራችውና ያልተፈለጠ ግንድ አሳየችው።

«የሌላ ሰው ልጅ ሦስት ዓመት ፈለጠልኝ። ይኸን ግን ላንተ ነው ያስቀረሁት» አለችው።

ኮቱን አውልቆ መጥረቢያውን አነሣ። ፈልጦ ሳይጨርስ እራት አልቀረበለትም።