የመኪና መሙያ በግቢያችን፦ ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አንድ ነው። ይኸውም በሆቴላችን፣ በአልጋ ቤታችንና በኪራይ ግቢያችን የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ይተከል ወይስ አይተከል የሚለው ነው። ጥያቄውን ያመጡት የሆቴልና የኪራይ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ተከራዮችም በበኩላቸው ስጋታቸውን ነግረውናል። ሁለቱንም ወገን ሰምተናል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እኛ ደግሞ ያለነው በደሴ መንገድ ላይ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎሜትር ገደማ ትርቃለች። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አንዴ ተሞልቶ የሚሄደው እንደ ባትሪው ቢለያይም፣ የብዙዎቹ ከ300 እስከ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ ባትሪው ተሟጧል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውም ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን መውጣት አለበት። ዳገት ባትሪ ይበላል፤ ቁልቁለቱ ጥቂት ቢመልስም የተበላውን ሁሉ አይመልስም። እንግዲህ መንገደኛው እዚህ ቆሞ መሙላቱ አይቀርም። ከቆመ ደግሞ ሻይ ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ያድራል። ይህ ለከተማችን ገቢ ስለሆነ ማኅበራችን አይቃወምም።

ታዲያ ጥያቄው፣ እንግዳው የሚስተናገደው በማን መብራት ነው? የሚለው ነው።

እናቶቻችን በሚያውቁት እንለካው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገርበት 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዝግተኛ መሙያ 7 ኪሎዋት ነው፤ ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል። መሙያው ግን 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ለመሙላት 9 ሰዓት ያህል እንደበራ ያድራል። በአንድ ሰዓት ገደማ የሚሞላው ፈጣኑ መሙያ ደግሞ 60 ኪሎዋት ያህል ይስባል። ይህ 17 ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው!

«የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለም ወይ? ምን መብራት ይጎድለናል?» የሚሉን አሉ። የግድቡ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በግድቡና በቤታችን መካከል የሰፈሩ ትራንስፎርመር አለ። ወንዝ ቢሞላ፣ ቧንቧው ቀጭን ከሆነ ባልዲው ቶሎ አይሞላም። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚጨልመው የአንድ ሰው ቤት አይደለም። የወፍጮ ቤቱም፣ የሁላችንም ምጣድ ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር ቆጣሪ ነው። በአንድ ግቢ አራትና አምስት አባወራ ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም እናያለን። የቤት መብራት ዋጋ በእርከን ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም በዝቅተኛ ዋጋ ይታሰባል፣ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወደዳል። አንድ መኪና አንድ ሌሊት ሲሞላ ያንን 50 ጨርሶ ያልፋል። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል፣ መኪና የሌላት እንጀራ ሻጭ የሰው መኪና መሙያ ከፈለች ማለት አይደለም? ይህ ግፍ ነው።

ስለሆነም ማኅበሩ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል፦

1ኛ. መሙያ መትከል የሚፈልግ ሰው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክት። ትራንስፎርመሩ ይችል እንደሆነ ይመርመር። ፈጣን መሙያ የሚተክል ድርጅት ለራሱ የሚሆን ትራንስፎርመር ያስገባ።

2ኛ. መሙያው የራሱ ቆጣሪ ይኑረው። ለንግድ ከሆነ ደግሞ የንግድ ይሁን። በጋራ ቆጣሪ መኪና መሙላት ይቅር።

3ኛ. በመስኮት የወጣ ኤክስቴንሽን መኪና አይሞላም፤ ገመዱ ግሎ ቤት ያቃጥላል። ከቆጣሪው የሚነሣ ወፍራም መሥመር፣ ለብቻው ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ክረምት ጎርፍ እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ ከጣራ ሥር ይሰቀል።

4ኛ. ዝግተኛው መሙያ የሚሠራው ምጣድ ከወረደ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይሁን። በዚህ ሰዓት ባትሪው ጥግ ድረስ ባይሞላ እንኳ መንገደኛውን ያደርሰዋል።

5ኛ. ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ የቻይና ስለሆኑ የመሙያው ጫፍ ከአውሮፓው ይለያል። ባለሆቴሎች ይህን ሳታጣሩ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ።

6ኛ. ተከራይም የኤሌክትሪክ ባጃጅ ቢያመጣ፣ የተጠቀመበትን እየከፈለ በመሙያው የመጠቀም መብት ይኑረው። ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ።

ወገኖቻችን፣ ጨፋ በበጋ ከአፋርም ከደጋም የሚመጣውን ከብት የሚያስተናግደው፣ ሣሩና ውኃው የጋራ መሆኑን ሰው ሁሉ አውቆ ሽማግሌ ስለሚነጋገርበት ነው። አንዱ ለብቻዬ ካለ ጠብ ይመጣል። ትራንስፎርመሩም እንደዚያው የጋራችን ነው።

አሁን አስተያየት እንቀበላለን። ከዚያ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እጅ በማውጣት እንወስናለን። ተከራዮችም የምታወጡት እጅ ከባለቤቶቹ እኩል ይቆጠራል።



የማኅበሩ ጸሐፊ