ከሴራሚኩ በፊት ሜትሩ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቤታችን ወለል ነው። በእበት የተለቀለቀ ወለል ላይ ልጅ ያሳደገች እናት ጉዳዩ ትንሽ እንዳልሆነ ታውቃለች። የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ድካማቸው በእኛ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ለቤት ማደሻ ብድር ሲታሰብ ሴራሚክም አብሮ ይነሳል። መመኘቱ ደግ ነው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ነገር አለ። ቀለሙን የምንመርጠው እኛ፣ ቁጥሩን የሚነግረን ሌላ ሰው ነው። ባለሙያው "ሠላሳ ካርቶን ይበቃል" ይላል፤ ባለሱቁ "ለማንኛውም ሠላሳ አምስት ውሰጂ" ይላል። ፈርማ የምትከፍለው ግን ተበዳሪዋ ናት። ካርቶኑ ከተረፈ ገንዘቧ ጥግ ላይ ተደርድሮ ይቀራል። ካነሰ ደግሞ ሥራው መሃል ላይ ቆሞ ሌላ ብድር ያስፈልጋል። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እንዳይሆንብን ቁጥሩን ራሳችን እናውጣው።

ስሌቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ድግስ ሲኖርብን እንግዳውን ቆጥረን ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን እንገምታለን፤ ሳይጠራ ለሚመጣውም ትንሽ እንጨምራለን። ሴራሚክም እንደዚሁ ነው።

መጀመሪያ እንለካለን። የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ስፋት ሁለት ሁለት ቦታ ላይ ለኩ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ለምሳሌ ሳሎኑ 4.10 በ3.70 ሜትር፣ መኝታ ቤቱ 3.40 በ3.10 ሜትር ይሁን። ሲባዛ ሳሎኑ 15.17፣ መኝታ ቤቱ 10.54፣ በድምሩ 25.71 ካሬ ይሆናል።

ቀጥሎ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው ከመቶ 10 እንጨምራለን፤ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ ከመቶ 15። 25.71 ላይ 2.57 ሲደመር 28.28 ካሬ ነው። አሁን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ብዙ ጊዜ አራት ፍሬ ይይዛል፤ አራቱ 1.44 ካሬ ይሸፍናሉ። 28.28 ለ1.44 ሲካፈል 19.64 ይመጣል። ስለዚህ 20 ካርቶን እንይዛለን።

በእኛ ሙያ ቁጥር በሁለት መንገድ ሲመሳከር ደስ ይላል። ስለዚህ ፍሬውንም እንቁጠር። በሳሎኑ በ4.10 በኩል ሰባት ረድፍ ይገባል፤ የመጨረሻው ይቆረጣል። በ3.70 በኩል ስድስት ሙሉ ገብቶ 10 ሴንቲ ይቀራል። ሰባት ጊዜ ስድስት 42 ነው። ለቀሪዋ ቀጭን ቁራጭ፣ ከአንድ ፍሬ አምስት ስለሚወጣ፣ 2 ፍሬ ይበቃል። ሳሎኑ 44 ሆነ። መኝታ ቤቱ በዚሁ መንገድ 32 ይሆናል። ድምሩ 76 ፍሬ ነው። 20 ካርቶን 80 ፍሬ ስለሆነ ለስብራት አራት ይተርፈናል፤ ሁለቱ መንገዶች ተስማሙ ማለት ነው። ቀጭኗ ቁራጭ ከበሩ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ግድግዳ እንድትውል ለባለሙያው ንገሩት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዞኮሎ ነው። የሁለቱ ክፍሎች ዙሪያ ሲደመር 28.60 ሜትር ነው። የበሮቹን ስፋት 2.50 ስንቀንስ 26.10 ይቀራል። ከአንድ ፍሬ አምስት ቁራጭ ቢወጣ ሦስት ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ 9 ፍሬ፣ ማለትም 3 ካርቶን ያስፈልጋል። የሚተርፉትን ሦስት ፍሬዎች አስቀምጧቸው። ነገ አንዱ ቢሰነጠቅ ያንኑ ቀለም ማግኘት ይከብዳል። ጠቅላላው 23 ካርቶን፣ 33.12 ካሬ ሆነ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ፤ የካርቶኖቹ የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም እዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙም መጠኑም ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

መታጠቢያ ቤት ግድግዳም ስላለው ለብቻው ይሰላል። ወለሉ 1.80 በ1.50 ከሆነ 2.70 ካሬ ነው። ዙሪያው 6.60 ሜትር ነው፤ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ሲለበስ 13.20 ካሬ። በሩ 1.40፣ ትንሿ መስኮት 0.16 ሲቀነስ 11.64፤ ከመቶ 10 ሲጨመር 12.80 ካሬ። 30 በ60 የሆነው ስምንት ፍሬ ያለው ካርቶን 1.44 ካሬ ስለሚሸፍን 9 ካርቶን ይበቃል። ለወለሉ የሚያብረቀርቀውን አትግዙ፤ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። ሸካራውን ለልጆቻችንና ለአሮጊት እናቶቻችን ስንል እንምረጥ።

አሁን ከሴራሚኩ ሥር እንግባ፤ ብር የሚደበቀው እዚያ ነው። የምሳሌያችን ሁለት ክፍሎች ወለል የተስተካከለ ሆኖ ማንጠፊያው ሦስት ሴንቲ ቢሆን፣ አንድ ለአራት በሆነ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ወደ 6 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈጃል። ወለሉ ወጣ ገባ ሆኖ አምስት ሴንቲ ከፈለገ ግን ወደ 10 ከረጢት ይደርሳል። ሁለት ሴንቲ አራት ከረጢት በላች ማለት ነው! ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከግድግዳ ግድግዳ ክር ወጥሩና ጉድጓዱን እዩ።

በራያ ሜዳ ደግሞ ብዙ ቦታ መሬቱ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ዋልካው ተነሥቶ በገረጋንቲና በድንጋይ ካልተተካ፣ ላዩም በኮንክሪት ካልተመታ፣ ውዱ ሴራሚክ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። ይህን ወጪ የማይችል ሰው ሴራሚኩን ቢያቆየው ይሻላል።

ወደ ዋጋ እንምጣ። ብዛቱ የእኛ ነው፤ ዋጋው የገበያው ነው። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ ለየብቻ ይጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋም ከዚያ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከሦስት ወር በፊት የተሰጠን ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል፤ 23 ካርቶኑ ግን 23 ነው። ብድሩ በእጃችን ሊገባ ሲል ዋጋውን ብቻ እናድሳለን።

ስታወዳድሩ "ቫት አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ እዚሁ ቆቦ አንዱ ቫትን ጨምሮ ካሬውን 1,000 ብር አለ እንበል። ወልድያ ያለው ቫት ሳይጨምር 920 አለ። የሚረክሰው የወልድያው ይመስላል። 15 በመቶ ሲጨመር ግን 1,058 ይሆናል። በ33.12 ካሬ የቆቦው 33,120፣ የወልድያው 35,041 ብር ይመጣል። የ50 ኪሎ ሜትር ማጓጓዣ፣ ጫኝና አውራጅ፣ በመንገድ የሚሰበረውም ገና አልተቆጠረም። አንዱ ካርቶን ወደ 30 ኪሎ ስለሚመዝን 23ቱ ሰባት ኩንታል ገደማ ነው፤ በባጃጅ የሚያልቅ ጭነት አይደለም።

የእጅ ዋጋ የሚከፈለው በተነጠፈው ካሬ እንጂ በተገዛው ካርቶን አይደለም። በምሳሌያችን 25.71 ነው። ዞኮሎው በሜትር ለብቻው ይታሰብ እንደሆነ፣ ውሃውን ማን እንደሚያቀርብ፣ አሮጌውን ወለል ማን እንደሚያነሣ አስቀድማችሁ ተስማሙና ጻፉት። ክፍያውን ከፋፍሉት። የመጨረሻውን ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፍሬ በሳንቲም ቆርቆር አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ሥሩ አልሞላም። ያልተከፈተ ካርቶን እንደሚመለስ ደግሞ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ሴራሚኩን፣ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ነጭ ሲሚንቶውን፣ ማጓጓዣውንና የእጅ ዋጋውን ደምረን ለመጠባበቂያ ከመቶ 10 እንጨምር። ድምሩ ከወርኃዊ ክፍያ አቅማችን በላይ ከሆነ ወለሉን እንጂ ራሳችንን አንጨነቅ። መታጠቢያ ቤቱንና ማድ ቤቱን ሴራሚክ፣ ሌላውን በደንብ የተሠራ ሊሾ ማድረግ ይቻላል። ሊሾ ይጠረጋል፣ ይታጠባል፤ ጎረቤት ቢያይም አያሳፍርም። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ የማሽላ ዘር የሚያሸጥ ወለል ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ውበት የለውም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቤት ማደሻ ብድር የምትጠይቅ አባል ሁሉ ከማመልከቻዋ ጋር አንድ ገጽ ታያይዝ፦ የክፍሎቹ ልክ፣ የካርቶኑ ብዛት፣ ከሁለት ሱቅ የመጣ ዋጋ፣ የእጅ ዋጋ፣ ድምሩ። መጻፍ ለሚከብዳት እናት ልጇ ወይም ከእኛ አንዷ እናግዛት። ለደጋፊዎቻችንም ገንዘቡ የት እንደዋለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ የየቤታችሁን ልክ በወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ተቀምጠን አብረን እናሰላዋለን።