ፈረስን በጀፎረና በዳገት መፈተን

በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአገናና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች ፈረስ ዛሬም መኪና የማይደርስበትን ዳገት ሰውና ጭነት ይዞ የሚወጣ፣ በለቅሶና በበዓል ቀንም አምሮ የሚታይ እንስሳ በመሆኑ፣ ግዢው ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ውሳኔ ነው። ሻጩ ወይም ደላላው ፈረሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሽምጥ ጋልቦ በማሳየት የሚያበቃው የገበያ ሙከራ ግን ለገዢው የሚያስረዳው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ብሎ የተጋለበ ፈረስ አካሉ ስለሚሟሟቅ ቀለል ያለ ማነከሱ ይሸፈናል፣ ድካሙም ክፉ ጠባዩን ለጊዜው ያበርድለታል። ስለዚህ የሚታመነው ሙከራ በሻጩ ደጅ፣ ፈረሱ ገና ከታሰረበት ሳይፈታ የሚጀመረው ነው።

ገዢው አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ባለቤቱ ፈረሱን ሲይዘው፣ ልጓም ሲያጎርሰውና ኮርቻ ሲጭንበት የሚሆነውን ሲሆን፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ የኮርቻው ማሰሪያ ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር ወይም ጀርባው ሲነካ የሚሸሽ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ሕመሙን እየተናገረ ነው። ገጣባ፣ ማለትም ያልተስተካከለ ኮርቻ ወይም ጭነት በጀርባ ላይ የሚያወጣው ቁስል፣ ከዳነም በኋላ በቦታው ነጭ ፀጉር ሊያበቅል ስለሚችል የቀድሞው ጉዳት በዚያ ይታወቃል። ዕድሜንም ቢሆን ከሻጩ ቃል ይልቅ ጥርስ ይመሰክራል፤ የፊት የወተት ጥርሶች መካከለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል፣ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ ዳረኞቹ በ4 ዓመት ተኩል ገደማ በቋሚ ጥርስ ስለሚተኩ፣ አፉ የሞላ ፈረስ 5 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከዚያ በኋላ ግምቱ በጥርሱ መበላት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዓመታት በገፉ ቁጥር እርግጠኛነቱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ፈረሱ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ገመዱ ላላ ብሎለት እየተሳበ በእርምጃና በሶምሶማ ይታያል። ሶምሶማ ከእርምጃ የፈጠነ፣ ከግልቢያ የዘገየ አካሄድ ሲሆን፣ የግራ የፊት እግር ከቀኝ የኋላ እግር ጋር፣ የቀኙም ከግራው ጋር እየተጣመሩ ስለሚያርፉበት ማነከስን ከሌላው አካሄድ ሁሉ አጉልቶ ያወጣል፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ በአካባቢው የመጀመሪያው ምርጫ ጀፎረ ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደር በቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የወል ጎዳና ሲሆን፣ ከብት የሚግጥበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ፈረስ የሚጋለብበት በመሆኑ ሊከበርና ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው። ሆኖም ሣሩ ለስላሳ ስለሆነ የኮቴ ሕመም ያለበት ፈረስ በላዩ ላይ ጤነኛ መስሎ ሊሮጥ ስለሚችል፣ በጀፎረ ብቻ የተደረገ ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው፤ ያው ፈረስ በደረቅና ጠጠር ባለበት መንገድ ላይም መታየት አለበት።

ከአገና ወደ ቡታጅራ የጉራጌን ሰንሰለታማ ተራራ የሚሻገር ወይም በእዣ ሸንተረሮች የሚመላለስ ሰው የሚገዛው ፈረስ ግን የሚለየው በዳገትና በቁልቁለት ነው። በዳገት ትንፋሹና የኋላ አካሉ ጉልበት፣ በቁልቁለት የፊት እግሮቹና የትከሻው ጽናት ይፈተናሉ። በመጀመሪያ ባለቤቱ ራሱ ሊቀመጥበት ይገባል፤ ባለቤቱ ለመቀመጥ ካመነታ ገዢው እግሩን እርካብ ውስጥ ማስገባት የለበትም። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ስለሚመታ፣ ገዢው ከሙከራው በፊት በመንጋጋው ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ጣቱን አሳርፎ ቢቆጥር፣ ዳገቱን ከወጣ በኋላም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሳርፎ ቢደግም፣ ምቱ ወደ 60 ወይም ከዚያ በታች የወረደለት ፈረስ ለሥራው አቅም እንዳለው ይረዳል፤ ሳይወርድ የቆየው ያልሠለጠነ ወይም የታመመ ሊሆን ይችላል።

እንደ ቡታጅራና ወልቂጤ ባሉ ከተሞች ለጋሪ የሚፈለግ ፈረስ ደግሞ በጋሪ ተጠምዶ፣ መጀመሪያ ባዶውን ከዚያም ጭኖ፣ በመኪና ጩኸት መካከል ካልተሞከረ የግልቢያ ችሎታው ምንም አያረጋግጥም። ሞቅ ባለው የወይናደጋ አየር የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ ቧንቧዎች መስመር እንደ መቁጠሪያ ተሰልፎ እየፈነዳ የሚቆስል እብጠት ስለሚያወጣ፣ እግር፣ ደረትና አንገት በእጅ ሊዳሰሱ ይገባል። ብዙ ፈረስ ለሚገድለውና በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ለሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ግን ክትባት አለ፤ ፈረሱ መከተቡን መጠየቅ የግዢው አካል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ቢያስገድድም፣ ገዢውም የገዛውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ገዢው በምስክር ፊት ተዋውሎ ፈረሱን ለጥቂት ቀናት ወስዶ በራሱ መንገድና በራሱ ጭነት ቢሞክረው ይበጀዋል፤ ፈረሱ ቀዝቅዞ እንዳይታይ፣ በጠጠር እንዳይረግጥ ወይም ዳገት እንዳይወጣ የሚከለክል ሻጭ ሲያጋጥመው ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።