ከቀለሙ በፊት፦ ያገለገለ አውቶሞቢልን አካል በቤት ውስጥ ስለ መጠገን
(በሐዋሳ ከተማ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ስብሰባ ላይ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውኃ መስመር እናገራለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት በየግቢያችን ቆሞ በየዕለቱ የምናየውን ጉዳይ ነው። ይኸውም ባገለገለ አውቶሞቢል አካል ላይ የሚደርሰውን ጭረት፣ ስርጉዳትና ዝገት በገዛ እጃችን ስለ መጠገን ነው። ርእሱ አነስተኛ መስሎ ቢታይም፣ የሙያችንን አንድ ትልቅ ጥያቄ በውስጡ የያዘ መሆኑን በመጨረሻ ለማሳየት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ የተሽከርካሪው ዕድሜ በጨመረ መጠንም ታክሱ የሚከብድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተገለጸ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ አውቶሞቢል እንዲሁ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። ዕድሜውን ማራዘም የባለቤቱ ግዴታ ሆኗል ማለት ይቻላል።

የከተማችን ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፀሐይ የሚመጣው የአልትራቫዮሌት ጨረር በመቶ ዐሥር ያህል ስለሚጨምር፣ ከቤት ውጭ የሚያድር መኪና ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው ይደበዝዛሉ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ ባይኖረውም ውኃው ጨዋማ ስላልሆነ፣ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች የጨው ነፋስ አያሰጋንም። የእኛ ጠላቶች ፀሐይ፣ ጠጠር፣ የክረምት ጭቃና በፒያሳ ግርግር ውስጥ ጎናችንን ታክኮ የሚያልፈው ባጃጅ ናቸው። ከውጭ አገር ከመጡት መኪኖች አንዳንዶቹ ደግሞ፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው የጀመረውን ዝገት ይዘው የመጡ መሆናቸው የሚዘነጋ አይደለም።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በዕውቀት ሳይሆን በስሕተት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የእቁብ ዕጣዬን ከቁጠባዬ ጋር ጨምሬ አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዛሁ። መሐንዲስ ነኝና ሞተሩን አስነሥቼ አዳመጥሁ፤ ጭሱን ተመለከትሁ፤ ፍሬኑንና መሪውን ሞከርሁ። አካሉን ግን በዓይኔ ብቻ አይቼ አመንሁ፤ ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራ ነበርና። በሁለተኛው ክረምት ከኋለኛው ግራ ጎማ በላይ ያለው ቀለም፣ እሳት እንደ ነካው ቆዳ ውኃ ቋጠረ። በካቻቪቴ ጫፍ ገፋ ባደርገው ወደ ውስጥ ሰጠመ። ከቀለሙ በታች የነበረው ብረት ሳይሆን ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ ነው፤ ከስቱኮውም ጀርባ የተጠቀጠቀ የጋዜጣ ወረቀት ነበር።

በሠፈራችን ዕድሜያቸውን በቦዲ ሥራና በቀለም ያሳለፉ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ሳላየው ቀረሁ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሳቅ ብለው «ኢንጂነር፣ ዓይንህ ሲታለል ጆሮህን ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያም በጣታቸው አንጓ የመኪናዋን ጎን ከፊት እስከ ኋላ ያንኳኩ ጀመር። ጤናማው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ግን የታፈነ ድምፅ አለው። እኔም በበኩሌ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ በዚያው መስመር አለፍሁበት። ጋሼ ድምፁ ታፍኗል ባሉበት ቦታ ሁሉ ማግኔቱ መያዝ አቃተው። ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ እነዚህን ሁለት ፈተናዎች እንዳትረሱ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «ጉዳቱ ምን ያህል ጥልቅ ነው?» የሚለው ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም በጠቅላላው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው፤ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚያበራው ጥርት ያለ ሽፋን፣ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ ከዚያም ብረቱን ከዝገት የሚጠብቁት የመሠረት ቀለሞች ተደራርበው ይገኛሉ። በጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን አግድም አሳልፉ። ጥፍሩ ካልያዘ፣ ጭረቱ ከላይኛው ሽፋን አላለፈም። ጥፍሩ ከያዘ ወደ ቀለሙ ደርሷል። የብረት ቀለም ወይም ቡናማ መስመር ከታየ ግን ጉዳዩ የውበት መሆኑ ቀርቶ የዝገት ሆኗል።

ጥፍር የማይዘው ጭረት ቀላል ነው። መኪናውን በሳሙና በሚገባ አጥቦ አቧራውን ማስወገድ፣ ከዚያም በፖሊሽና በለስላሳ ጨርቅ በትዕግሥት ማሸት ይበቃል። አንዳንድ ሰዎች በጥርስ ሳሙና የሚያደርጉት ሙከራ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ የጥርስ ሳሙና ደቃቅ ፈጊ ነገር አለበትና። ይሁንና ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን በመፋቅ መሆኑን ማወቅ ይገባል። የላይኛው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ፣ በየበዓሉ ብናሸው አንድ ቀን ያልቃል።

ስርጉዳትን በተመለከተ ፕላስቲክንና ላሜራን መለየት ያሻል። የፕላስቲክ ፓራውልት ሲሰረጉድ የፈላ ውኃ ቢፈስስበትና ከውስጥ በኩል በጓንት በተሸፈነ እጅ ቢገፋ ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላሜራ ግን በፈላ ውኃ አይታለልም። በመጀመሪያ ከጀርባው በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ በቀስ ወደ ቅርጹ መመለስ አለበት፤ ስቱኮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የስቱኮ ተግባር የቀረችውን ጥቂት ጉድለት መሙላት እንጂ የብረትን ቦታ መውሰድ አይደለም። ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ላሜራው ገና አልተቃናም ማለት ነው። ማድረቂያው ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ይበቃል፤ ቶሎ ይድረቅ ብለን ብናበዛው በኋላ በቀለሙ ላይ ወጥቶ ይታያል። ስቱኮ ውኃ የሚመጥ በመሆኑም በደረቁ ይፈጋል እንጂ በውኃ አይፈጋም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባም አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180፣ ቀጥሎም በ320 ይለሰልሳል። ወረቀቱን በለሰለሰ ጣውላ ላይ ጠቅልሎ መፈጋት መልካም ነው፤ ጣት ብቻውን ጉድጓድ ይሠራልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ዝገት እንምጣ። ብረት ሲዝግ መጠኑ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በላዩ ያለውን ቀለም ወደ ላይ አንሥቶ የሚያሳብጠውም ይኸው ነው። አየርና እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከቀለም በታች እየሳበ ይሄዳል። ስለዚህ በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን አያቆመውም፤ ከዓይን ብቻ ይሰውረዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ትክክለኛው መንገድ ጤናማ ብረት እስኪታይ ድረስ መፋቅ፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት የዝገት ማጥፊያ ማከም፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ፀረ ዝገት መቀባት ነው። የተፋቀ ብረት በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ዝጎ ይገኛል። በሐዋሳ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወራት ሲሆን፣ ከቀኑም ጤዛው ከተነሣ በኋላ፣ ነፋሱ አቧራ ማምጣት ከመጀመሩ በፊት ያለው ሰዓት ነው።

ስለ መጨረሻው ቀለም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማድረቂያ ተጨምሮበት በኮምፕሬሰር የሚረጨው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በማድረቂያው ውስጥ ኢሶሳይናት የተባለ ውሁድ አለበት። ይህ ውሁድ የአስም በሽታ ያስከትላል፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቈጣበት በኋላ ጥቂቱ እንኳ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። በጨርቅ ወይም በተራ የአቧራ ጭምብል አይገታም። ጋሼ ሠላሳ ዓመት አፋቸውን በነጠላ ጫፍ አስረው ረጭተዋል። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል፤ ታቦር ተራራን መውጣት ከተዉም ቆይተዋል። «ቀለሙን ለመኪናው ቀባሁት ስል ግማሹን ለራሴ ቀብቼው ኖሯል» ብለውኛል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ቀለም ልጆቻችን በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ፈጽሞ መርጨት አይገባንም። ለትንንሽ ቦታ ማድረቂያ የማይጨመርበትን ቀለም በብሩሽ ወይም በቆርቆሮ በሚመጣው መርጫ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ብንጠቀም ይበቃል። ሰፊውን ሥራ ተገቢው መከላከያ ላለው ጋራዥ እንተው። እንደዚሁም ዝገቱ ከበሮቹ በታች ያለውን ደፍ፣ የጣሪያ ምሰሶዎችን ወይም የቀበቶ ማሰሪያን የበላ ከሆነ፣ ነገሩ የብየዳ ባለሙያ ጉዳይ እንጂ የስቱኮ ጉዳይ አይደለም። በአደጋ ጊዜ ሕይወት የሚያድኑት እነዚሁ ክፍሎች ናቸውና።

የእኔ ኮሮላ በዚህ ሁኔታ ተፍቃ፣ የበሰበሰው ላሜራ ተቈርጦ አዲስ ተበይዶላት፣ በእጄ ተለስና ተቀብታ አምስት ዓመት አገለገለችኝ። ከቅርብ የሚመለከታት ሰው በቀለሙ መካከል ጥቂት ልዩነት ያይ ነበር፤ እኔም አላፈርሁበትም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ወጣት መምህር ስሸጣት፣ የት የት ስቱኮ እንዳለ፣ የትኛው ላሜራ እንደተለወጠ የጻፍሁበትን ወረቀት ከፎቶግራፎቹ ጋር ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ «ባይነግሩኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አለኝ፤ ቀጥሎም ዋጋ እንድቀንስለት ጠየቀኝ። ሠላሳ ሺህ ብር ቀነስሁለት። ማታ ለባለቤቴ ብነግራት «ለአንድ ወረቀት ሠላሳ ሺህ ብር?» አለችኝ። ገንዘቡ ለቤታችን ቀላል አልነበረምና ወዲያው የምመልሰው አጣሁ።

ዛሬ ግን በእናንተ ፊት መልሱን ለመስጠት እወዳለሁ። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው እንደዚያ ያለ ወረቀት ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ዋጋ አስቀንስ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ቤተ ሰቤን በጋዜጣ ወረቀት በተደገፈ ላሜራ ውስጥ አላመላልስም ነበር። እኛ መሐንዲሶች የምንሠራው ሥራ አብዛኛው በልስንና በቀለም የሚሸፈን ነው፤ ከሽፋኑ በታች ያለውን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። ያወቀውንም ጽፎ ለሚቀጥለው ባለንብረት ማስረከብ የጥገናው የመጨረሻ ክፍል ነው እላለሁ። በመኪናችን ብንጀምረው፣ በሌላው ሥራችንም ላይ ልማድ ይሆነናል የሚል ተስፋ አለኝ።